በስክሪኑ ላይ የቀሩ ነጥቦች

ሰኞ ጠዋት ቁም ሳጥኑ ተበርግዶ ተገኘ።

«አልተሰበረም» አለች ሳጅን ወይንእሸት፣ ጎንበስ ብላ ቁልፉን እያየች። «በራሱ ቁልፍ ነው የተከፈተው።»

ኢንስፔክተር ደምለው ከኋላዋ ቆሟል። ዓይኑ ያረፈው ጥግ ላይ ባለው አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ነበር። ስክሪኑ በርቷል። በላዩ ላይ ፊደል የለም፤ ከግራ ወደ ቀኝ የተደረደሩ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ብቻ አሉ። አንዳንዱ ቦታ ሁለት፣ አንዳንዱ ቦታ አራት ሆነው እንደ ፈሰሰ ጤፍ ተበትነዋል።

ክፍሉ ቢቸና ከተማ ውስጥ ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች ድጋፍ የሚሰጥ ትንሽ ማዕከል ነው። ስርቆቱን አይቶ ለፖሊስ የደወለው የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ አቶ ስጦታው ነበር። አርባዎቹን የተሻገረ ከሲታ ሰው ነው፤ ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ በሩ አጠገብ ቆሟል።

«ምንድን ነው የጠፋው?» አለው ደምለው።

«የመምህርት አርሴማ የብሬል መሣሪያ። የእጅ ቦርሳ ታክላለች። ነጥቦቹ ከሥር ብቅ ጥልቅ ይሉና ዓይነ ስውሩ በጣቱ እየዳሰሰ ያነባል። ይጽፍባታልም።»

«ውስጧ ምን ነበረ?»

«የየኔታ ወልደ ኪዳን ቅኔ። የሞጣው። ዓይነ ስውር ናቸው፣ አርጅተዋል። መምህርት አርሴማም እንደሳቸው ዓይነ ስውር ናት። ሞጣ እየተመላለሰች ከአፋቸው ትጽፍ ነበር።»

«ሌላ ቅጂ የለም?»

«የለም ነው የሚባለው።»

«የቁም ሳጥኑ ቁልፍስ?»

«አንዱ እሷ ዘንድ ነው። አንዱ ዘበኛው ክፍል ግድግዳ ላይ ይሰቀላል።»

ደምለው በጣቱ ወደ ስክሪኑ ጠቆመ። «ይህ ብሬል ነው አይደል? ምን ይላል?»

«እኔ ብሬል ማንበብ አልችልም» አለ ስጦታው።

«ቅዳሜና እሁድ የት ነበሩ?»

«መርጡለ ማርያም። የአክስቴን ልጅ ልንድር። አርብ ከሰዓት ወጥቼ ትናንት ማታ ነው የተመለስኩት።»

ወይንእሸት ወደ ውጭ ወጥታ ደወለች። ተመልሳ ስትገባ ራሷን ነቀነቀች። ስጦታው ሠርጉ ላይ ነበር፤ ሙሽራውን አጅቦ ሲጨፍር ያየው ሰው ብዙ ነው።

ዘበኛው ፋንታ ጋቢያቸውን አጣፍተው መጡ። ሽማግሌ ናቸው፤ ገና ሳይጠየቁ ማለቃቀስ ጀመሩ።

«ቅዳሜ ቀብር ነበረብኝ ልጄ። ጎረቤት ሞቶ እንዴት እቀራለሁ? በሩን ገርበብ አድርጌ ሄድኩ። ወጣ ብዬ ልመለስ ብዬ ነው።»

«ከዚያ በፊት ስለ መሣሪያዋ የጠየቀዎት ሰው ነበር?»

ሽማግሌው አሰቡ። «የሞጣው ያየህ! አሮጌ ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጠው። ባለፈው ሰሞን ደውሎ ‹ያቺ የዓይነ ስውራን ማሽን አለች?› ብሎኝ ነበር።»

«መምህርት አርሴማስ የት ናት?»

«አርብ ነው የሄደችው። ‹የኔታ ታመዋል› ተብላ፣ እየሮጠች። ሞጣ ነች።»

ወይንእሸት የአርሴማን ስልክ ሞከረች። ዝግ ነው። ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንዱን ቅጂ በወረቀት አተመችው፤ ሌላውን በፍላሽ ያዘችው። መኪናው ውስጥ ከገቡ በኋላ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ አየችው።

«ነገሩ ግልጽ ይመስለኛል» አለች። «ቁልፉ እሷ ጋር ነው። ጽሑፉ በብሬል ነው። ከሠራተኞቹ በብሬል የሚጽፍ ሌላ የለም። ስልኳን ዘግታ ጠፍታለች።»

«የራሷን መሣሪያ ለምን ትሰርቃለች?»

«የማዕከሉ ነዋ፣ የራሷ አይደለም። ቅኔው ግን በሷ እጅ ነው የተጻፈው። ይዛው ልትሄድ ፈልጋ ይሆናል።»

ደምለው መኪናውን አስነሣ። በመንገዱ ግራና ቀኝ ጤፉ ሊታጨድ ተቃርቦ ወርቅ መስሏል። ደብረ ወርቅን አልፈው ሞጣ ሲገቡ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች።

*

የያየህ ሱቅ ከመናኸሪያው ጀርባ ናት። ፖሊሶቹን ሲያይ ይፈታው የነበረውን ሬዲዮ ቶሎ አስቀመጠ።

«ቢቸና የዓይነ ስውራን ማዕከል ደውለህ ነበር?» አለው ደምለው።

«ደውያለሁ።»

«ለምን?»

ያየህ መሳቢያ ከፍቶ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። «ለዚህ ነዋ። የመሣሪያዋ ቻርጀር ነው። መምህርት አርሴማ የድሮው ተበላሽቶባት አዘዘችኝ። ከአዲስ አበባ አስመጣሁላት። ቢኖሩ ላድርስላቸው ብዬ ነው የደወልኩት።»

«ለምን አላደረስክም?»

«ሄጄ ነበር እኮ! ቅዳሜ ለዕቃ ቢቸና ስወርድ ጎራ አልኩ። አንድ ሰውዬ በሩን ገርበብ አድርጎ ‹ዛሬ ዝግ ነው፣ ሰው የለም› አለኝ።»

ወይንእሸት ቀና አለች። «ዘበኛው?»

«ፋንታን አውቃቸዋለሁ። እሳቸው አይደሉም። ሌላ ሰው ነው። ከሲታ ነገር። ከፊቱ ግማሹን ነው ያየሁት።»

«ይህን የሚመሰክርልህ አለ?»

«አብሮኝ የነበረውን ሹፌር ጠይቁ። መኪናው ውስጥ ሆኖ ‹ቶሎ በል› እያለ ሲጮህብኝ ነበር።»

ሹፌሩ እዚያው መናኸሪያ ተገኘ። ቃሉ ከያየህ ቃል አንድ ነበር። ያየህ ከበር አላለፈም፤ ቻርጀሩን እንደያዘ ነው የተመለሰው።

«ልናምነው ነው?» አለች ወይንእሸት ከሱቁ ሲርቁ።

«ሌባ ለሰረቀው ዕቃ ቻርጀር ገዝቶ ላስረክብ ብሎ አይዞርም» አለ ደምለው። «ቅዳሜ ግቢው ውስጥ ሰው ነበረ። ማን እንደሆነ ነው ያላወቅነው።»

*

የየኔታ ወልደ ኪዳን ቤት ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ነው። የኔታ መደብ ላይ ጋደም ብለዋል። ትኩሳቱ ቀለል ብሏቸዋል፤ ፊታቸው ግን ከስቷል። አጠገባቸው ዱካ ላይ የተቀመጠችው ቀጭን ወጣት ሴት የእግር ኮቴ ስትሰማ አንገቷን ቀና አደረገች።

«ማነው?»

«ኢንስፔክተር ደምለው እባላለሁ። ከቢቸና ፖሊስ። መምህርት አርሴማ አንቺ ነሽ?»

«አዎ። ምን ሆነ?»

ደምለው ነገራት። አርሴማ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣበቀች።

«ድካማችን ሁሉ ባዶ ሆነ ማለት ነው» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ወደ ኮምፒዩተሩ ልገለብጠው ለዚህ ሳምንት ቀጥሬ ነበር። የኔታ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«ዝም በይ ልጄ» አሉ የኔታ። «እስቲ ሰውየውን አስጨርሺው።»

«ስልክሽ ለምን ተዘጋ?» አለ ደምለው።

«ባትሪው አልቆ። እዚህ ሰፈር ከትናንት ጀምሮ መብራት የለም። ይኸው መብራት ያለበት ሰፈር ተልኮ ሞልቶ አሁን ነው የመጣልኝ።» ስልኳን ከቀሚሷ ኪስ አውጥታ አሳየችው። ገና ተከፍቶ ነበር።

ደምለው የታተመውን ወረቀት እጇ ላይ አኖረላት። «ይህን አንቺ ጻፍሽው?»

አርሴማ ወረቀቱን በሁለት እጇ ዳበሰችው። ገለበጠችው። እንደገና ዳበሰችው።

«ምንም የለበትም።»

«ነጥብ ሞልቶበታል።»

«ቀለም ነው ኢንስፔክተር። ቀለም ለኔ ባዶ ወረቀት ነው።»

ወይንእሸትና ደምለው ተያዩ። ከጠዋት ጀምሮ ይህ አንድ ነገር ለሁለቱም አልታያቸውም ነበር።

«ኮምፒዩተሩ ስክሪን ላይ ነው የተገኘው» አለች ወይንእሸት። «ፋይሉን ይዤዋለሁ።»

«ስክሪንም ያው ነው። መስታወት ነው፤ አይዳሰስም» አለች አርሴማ። «እኔ ስጽፍ መሣሪያዬ ላይ ነጥቦቹን እጫናለሁ፤ ኮምፒዩተር ውስጥ ሲገባ ግን እንደናንተው ፊደል ነው የሚሆነው። ወይ ቅኔ ነው፣ ወይ ደብዳቤ። ነጥቡን ነጥብ አድርጎ ስክሪን ላይ መደርደር ለኔ ምን ይረባኛል? ይህ የሚያይ ሰው ሥራ ነው። ‹ዓይነ ስውር እንዲህ ነው የሚጽፈው› ብሎ ያሰበ ሰው።»

«ምን እንደሚል ግን ማወቅ ትችያለሽ?»

«ስልኬ ላይ ላኩልኝ።»

ወይንእሸት ላከችላት። አርሴማ ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች። ለዓይነ ስውራን ጽሑፍ የሚያነበው የስልኩ የእንግሊዝኛ ድምፅ ቁጥሮችን ደረደረ። እሷ ወደ አማርኛ መለሰችላቸው፦ «ነጥብ አንድ፣ አራት፣ ስድስት…» ግንባሯ ተቋጠረ። «ትርጉም የለውም።»

«ተበላሽቶ ይሆን?» አለ ደምለው።

«አይደለም። ኮምፒዩተር ለእያንዳንዱ የነጥብ ቅርጽ የየራሱ ቁጥር አለው። የመጀመሪያዋ ነጥብ አንድ ታስቆጥራለች፣ ሁለተኛዋ ሁለት፣ ሦስተኛዋ አራት፣ አራተኛዋ ስምንት፤ እንዲህ እጥፍ እየሆነ ይሄዳል። የተነሡትን ደምሮ ያንን ቁጥር ይይዛል። ስለዚህ ቅርጹ ከኮምፒዩተር ወደ ፍላሽ፣ ከፍላሽ ወደ ስልክ ሲሄድ አይለወጥም። ግን አንድ ነገር አለ። ኮምፒዩተሩ የሚይዘው ቅርጹን ብቻ ነው። ‹ይህ ል ነው› አይልም። ያንኑ ቅርጽ እንግሊዙ በሱ ቋንቋ ያነበዋል፣ እኛ በኛ። ድምፁን የሚሰጠው አንባቢው ነው።»

«እንደ ቅኔ ነው በይኛ» አሉ የኔታ ከመደቡ ላይ። «ቃሉ አንድ፣ ፍቺው እንደ ሰሚው።»

አርሴማ ፈገግ አለች። ስልኩን ደግማ አስነበበችው። ጣቶቿ አየር ላይ የማይታይ ነገር እየነኩ ተንቀሳቀሱ። ድንገት ቆመች።

«ቆይ። የመጨረሻው ቃል… ር አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት ነው። እዚህ ሁለት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት ሆኗል። ም አንድ፣ ሦስት፣ አራት ነው። እዚህ አንድ፣ አራት፣ ስድስት ነው።» ፊቷን ወደ ደምለው አዞረች። «ግራና ቀኙ ተለዋውጧል። ሁሉም ፊደል ተገልብጧል!»

«እንደ መስታወት?»

«እንደ መስታወት። ቆዩ ላስተካክለው።» ቀስ እያለች ፊደል በፊደል ገጣጠመችው። «‹መሣሪያውን እኔ ወሰድኩት። አትፈልጉኝ። አርሴማ› ነው የሚለው።»

ወይንእሸት ቃሉን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች።

«እንዲህ ገልብጦ የሚጽፍ ምን ዓይነት ሰው ነው?» አለ ደምለው።

«በእጅ ስንጽፍ ወረቀቱን ስሌት በሚባል ባለቀዳዳ ሠሌዳ ውስጥ አስገብተን፣ በሹል ነገር ከጀርባው እንወጋዋለን። ከቀኝ ወደ ግራ። ወረቀቱ ሲገለበጥ ነጥቡ በፊት በኩል ተነሥቶ ይገኛል። ስለዚህ በሚወጋው ሰው ዓይን ሁሉም ነገር የተገላቢጦሽ ነው። ማንበብም የሚያውቅ ሰው ይህን አይስትም። ይህኛው ግን መውጋት ብቻ ነው የተማረው። ገልብጦ አንብቦ አያውቅም። ኮምፒዩተሩ ላይ ከምልክቶች ሰንጠረዥ ውስጥ እጁ የለመደውን ቅርጽ እየለቀመ ደረደረው።»

«ለሚያይ ሰው መውጋት የሚያስተምር ማነው?»

አርሴማ ልትመልስ አፏን ከፍታ ነበር፤ ነገሩ ገባት። ፊቷ ወደ መደቡ ዞረ።

የኔታ ጋቢያቸውን ወደ ደረታቸው ሳቡት። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ከቆየ ሕመም የተረፈ ነው።

«እጄ እንዲህ ከሆነ ወዲህ የሚወጋልኝ ሰው ነበረ» አሉ በዝግታ። «የእህቴ ልጅ። እጁን ይዤ ቀዳዳውን አስቆጠርኩት። እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይወጋል፣ እኔ በጣቴ አነባለሁ። እሱ ማንበቡን አልፈለገውም። ‹እርስዎ እያሉ ምን ያደርግልኛል› ይለኝ ነበር።»

«ስሙ ማን ይባላል የኔታ?»

ሽማግሌው የጋቢያቸውን ጫፍ በጣታቸው ዳበሱ። መዋሸት አይችሉም፤ አሳልፎ መስጠቱም ከበዳቸው።

«ምን ልበልህ ልጄ» አሉ። «ይህ የእጄ ስጦታው ነው።» ፊታቸውንም ወደ ግድግዳው አዞሩ።

*

ወደ መኪናው ሲሄዱ ወይንእሸት ተበሳጭታ ነበር። «ራሳቸውን ጥፋተኛ አደረጉ እንጂ ስም አልነገሩንም። ‹እጄ ያስተማረው ነው፣ የኔው ስጦታ ነው› ነው ያሉት።»

ደምለው የመኪናውን በር ከፍቶ አልገባም። አያቱ ቅኔ ቤት የዋሉ ሰው ነበሩ፤ ልጅ ሆኖ አንድ ነገር ሲነግሩት መጀመሪያ የመጣለትን ትርጉም ይዞ እንዳይሮጥ ይቆጡት ነበር።

«ነገሩን እንጂ» አለ። «ሰሙ ስጦታ ነው። ወርቁ ሰው ነው።»

«ሰው?»

«ስጦታው።»

ወይንእሸት ባለችበት ቆመች።

«ጠዋት ምን እንዳለን አስታውሽ። ‹ብሬል ማንበብ አልችልም› ነው ያለን። እውነቱን ነው። መጻፍ ይችል እንደሆነ አልጠየቅነውም።»

«ሠርጉ ላይ ነበር ግን! አረጋግጫለሁ።»

«ምን ብለሽ ጠየቅሽ?»

«‹ሠርጉ ላይ ነበር ወይ?› ብዬ።» ቃሉ ካፏ ሲወጣ ራሷን ያዘች። «ሠርጉ እሁድ ነበር። ቅዳሜን አልጠየቅኩም።»

እዚያው ቆማ ደወለች። ሙሽራው ራሱ አነሣው። ስጦታው መርጡለ ማርያም የደረሰው ቅዳሜ ወደ ማምሻው ላይ ነበር፤ ደብረ ወርቅ እህቱ ቤት ጎራ ብሎ እንደመጣ ነግሯቸው ነበር። ወይንእሸት የስጦታውን ፎቶ ከማዕከሉ አስልካ ወደ ያየህ ሱቅ ሮጠች። ያየህ የስልኩን ስክሪን ግማሽ በእጁ ሸፍኖ አየው።

«እሱ ነው» አለ። «ይኸው ነው፣ በሩን ገርበብ ያደረገው።»

*

ስጦታው ቢሮው ውስጥ ብቻውን ነበር። ደምለው ወንበር ስቦ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ።

«ከየኔታ ዘንድ ነው የመጣሁት» አለ።

የስጦታው እጅ ኮቱ ቁልፍ ላይ ቀረ። «እንዴት ናቸው?»

«ትኩሳቱ ተሽሏቸዋል። እርስዎ የእህታቸው ልጅ እንደሆኑ ጠዋት አልነገሩኝም ነበር።»

«አልጠየቁኝም።»

«ጽሑፉ ተገልብጦ ነበር አቶ ስጦታው። እያንዳንዱ ፊደል።»

ስጦታው መጀመሪያ አልገባውም። ቀኝ እጁን አነሣና አየው፤ አመልካች ጣቱ ጎን ላይ መውጊያው ያደነደነው ቆዳ ነበረ። ከዚያ ቀስ ብሎ ገባው። ሲገባው ትከሻው ወረደ።

«የት ነው ያለችው?» አለ ደምለው።

«ደብረ ወርቅ፣ እህቴ ቤት። በጋቢ ጠቅልዬ አስቀመጥኩ። እህቴ ምን እንደሆነ አታውቅም። መሣሪያዋ አልተነካችም። ለመሸጥ አይደለም።»

«ታዲያ ለምን?»

«የሳቸው እጅ እኔ ነበርኩ!» ድምፁ ተሰበረ። «ዓመታት ሙሉ። እሷ መሣሪያዋን ይዛ መጣች። አጎቴ ‹ከእንግዲህ እጅህን አሳርፍ› አሉኝ። ልጅ ሆኜ የገባሁበት ቤት ነው። በአንድ ቃል አወጡኝ። እዚህ ሥራ አገኘሁና መጣሁ፤ ማን እንደሆንኩም አልነገርኳት። ሰኞ ሰኞ ከሞጣ ስትመለስ መሣሪያዋን እየደባበሰች ትስቃለች። ምን እንዳሏት እንኳ አልሰማም። መሣሪያዋ ብቻ ብትጠፋ ሌላ ይመጣል። እሷ ሌባ ከተባለች ግን…»

«ከተባለች ማን ይጽፍላቸዋል?»

«እኔን ይጠሩኛል ብዬ።»

ወይንእሸት ከበሩ ቆማ ትሰማ ነበር። ካቴናውን ይዛ ነበር የመጣችው፤ ግን ለአፍታ አላወጣችውም።

*

መሣሪያዋ በዚያው ቀን ከደብረ ወርቅ መጣች። ፎቶ ተነሥታ ማስረጃነቷ ከተመዘገበ በኋላ ዐቃቤ ሕግ ለባለቤቷ እንድትመለስ ፈቀደ። ስጦታው ቃሉን ሰጥቶ በዋስ ወጣ፤ ጉዳዩ ገና መንገዱን ይሄዳል። አርሴማ ግን አንድ ነገር ለመነች። የኔታ ቤት ስጦታው የወጋቸው ወረቀቶች ተቆልለው አሉ፤ አርጅተው ነጥባቸው ሳይደፈጠጥ መነበብ አለባቸው። እሱም ይምጣ አለች።

ደምለው ወደ ሞጣ ሥራ ሲኖረው አብሮት ወሰደው።

የኔታ ተነሥተው ተቀምጠዋል። ስጦታው ከደጃፉ አላልፍ ብሎ ቆመ። አርሴማ አንዱን ወረቀት ጉልበቷ ላይ ዘርግታ በጣቶቿ እየተከተለች አንድ ቅኔ አነበበች፤ ስለ አንድ ንፉግ አለቃና ስለ በቅሎው። በቅሎዋ ጾመኛ ናት፣ አለቃው ደግሞ ሳይጾም ይጸድቃል። የኔታ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ።

«ይህን ነገረኛ ቅኔ የተቀኘው ማነው?»

«እርስዎ ነዎት የኔታ» አለች አርሴማ።

«እኔ? እኔ እንዲህ ያለ ነገር አላልኩም!»

«ብለዋል» አለ ከደጃፉ የመጣ ድምፅ። «በክረምት ነበር፣ ዝናብ አስሮን። አለቃው ሲሰሙ ጠባችን እንዳይመጣ ብዬ እንዲተዉት ለምኜዎት ነበር። ‹ውጋ ዝም ብለህ› አሉኝ።»

የኔታ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ። ሳቁ ፊታቸው ላይ ቀረ፤ ከሥሩ ግን ሌላ ነገር መጣ።

«እጅህ ዳነ ወይ?» አሉ።

«ምን?»

«ጣትህ ቆስሎ ነበር እኮ። ደሙ ወረቀቱ ላይ ይነካኝ ነበር፣ አንተ ግን አትናገርም። ልጂቱ ስትመጣ እፎይ ብዬ ‹እጅህን አሳርፍ› አልኩህ። አንተ ቤቴን ጥለህ ሄድክ።»

ስጦታው ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ እያለ ቁልቁል ተንሸራተተ፤ ደጃፉ ላይ ተቀመጠና ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። ደምለው ወደ ውጭ አየ።

አርሴማ ወረቀቱን አላነሣችም። የተነሡትን ነጥቦች አንድ በአንድ ዳሰሰች።

«አወጋግህ ጥሩ ነው» አለች። በድምፅዋ ውስጥ ይቅርታው ገና ሙሉ አልነበረም፤ መጀመሩ ግን ይሰማ ነበር። «እኩል ነው፣ አያደናቅፍም። እዚህ ጋ አንድ መስመር ግን ተረግጦ ጠፍቷል። ከ‹በቅሎ› በኋላ ምን ነበር?»

ስጦታው እንባውን ጠረገ። ተነሥቶም ገባ፤ ከአጠገቧ ቁጭ አለ። «ልንገርሽ» አለ። «ግን ቀስ ብዬ ነው። አንቺ ጻፊ።»

«መጀመሪያ እጅህን አምጣ» አለችና አመልካች ጣቱን ይዛ ወረቀቱ ላይ አሳረፈችው። «ከግራ ነው የሚጀመረው።»